ጓዳ መስሎኝ

የድንጋዩን መብራት ያጠብኩት በአመድና በሩዝ ገለባ ነው። ሶህራይ የሚሉት የከብቶች በዓል ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው፣ በሕንድ ጃርክንድ ክልል፣ ጋትሺላ ከተማ አካባቢ ባለች አንዲት የሳንታሎች መንደር፣ የውሃ ጉድጓድ ዳር ቁጢጥ ብዬ ጣቶቼ እስኪላጡ ፈተግኩት። ጥቁሩ ቅርፊት መጀመሪያ ላይ ንቅንቅ አልል አለ። በኋላ ከአንድ ጠርዝ በጥፍሬ ፈልቀቅ ሳደርገው እንደ ደረቀ ሙጫ እየተቀረፈ ይነሳ ጀመር። ከሥሩ የመሮ ጭረት ያለበት ግራጫ ድንጋይ ብቅ አለ። እንዴት እንዳማረኝ! መብራቱን በሁለት እጄ ይዤ ወደ ቤት ስመለስ በልቤ የነበረው፣ ያስጠጉኝ ሰዎች ሲያዩት እንዴት ደስ እንደሚላቸው ብቻ ነው።

ይህን ነገር ለብዙ ዓመታት በትክክል አውርቼው አላውቅም። አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ አንድ ሁለት ጊዜ ለጓደኞቼ እንደ ጨዋታ አንስቼው ነበር። ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ማታ ቤቴ ስገባ ግን ያ ሳቅ ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅሮ ቀረ። ዛሬ የምጽፈው እንደሆነው ነው።

ወደ ሕንድ የሄድኩት ለኑግ ነው። ያደግኩት ወለጋ ነው፤ ከቤታችን በላይ ያለው ዳገት መስከረምና ጥቅምት ላይ ቢጫ ሲለብስ እያየሁ ነው ያደግኩት። ግብርና ተምሬ ሁለተኛ ዲግሪዬን በቅባት እህል ላይ ስይዝ፣ ለጥናት ወደ ሕንድ የመሄድ ዕድል አገኘሁ። «ኑግ የእኛ ሆኖ ሳለ ሕንድ ድረስ ምን ያስኬድሻል?» ያላለኝ ዘመድ የለም። አልተሳሳቱም። ኑግ አገሩ ኢትዮጵያ ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙ ራሱ ጉይዞሻ አቢሲኒካ ይባላል። ከእኛ ደጋ ተነስቶ በጥንት ነጋዴዎች እጅ ባሕር ተሻግሮ ሕንድ ገባና፣ ዛሬ በማድያ ፕራዴሽ፣ በኦዲሻ፣ በቻቲስጋርና በጃርክንድ ኮረብታዎች ላይ ይዘራል። በብዛት የሚያመርቱት ደግሞ በሕንድ አዲቫሲ ተብለው የሚታወቁት ነባር ሕዝቦች ናቸው፤ ሩዝ በማይቀበል ጭንጫ መሬት ላይ። በሂንዲ ራምቲል ነው፤ በጃርክንድ ሱርጉጃ ይሉታል።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም በፊት ላቦራቶሪ ውስጥ ተምሬ ነበር። ኑጉ ያው ኑግ አይደለም። እኛ ጋ አባት ኑግ፣ ቡንኝ ኑግ፣ መስኖ ኑግ እያልን የምንለያቸው እንዳሉ ሁሉ፣ የሕንዱም የራሱ ጠባይ አውጥቷል። ቁመቱ ያጥራል፣ ቶሎ ይደርሳል፣ ዘይቱም ይለያል። ከእኛው ኑግ ዘይት ሦስት አራተኛው ያህል ሊኖሌይክ የሚባለው ቅባት አሲድ ሲሆን፣ በሕንዱ ውስጥ መጠኑ ከዚያ ያነሰ ነው። አንዱ ዘር፣ በሌላ አፈርና በሌላ ዝናብ፣ በሌሎች ሰዎች እጅ እየተመረጠ ስንት ትውልድ ሲያልፍበት ሌላ ነገር ይሆናል። ይህን በሠንጠረዥ ሠርቼ፣ በግራፍ አሳይቼ፣ ለመምህሬ አስረክቤያለሁ። ለሰው ግን አላሰብኩትም።

መንደሯ የገባሁት ኑጉ ሲያብብ ነው። ከሱባርናሬካ ወንዝ ወጣ ብሎ ባለው ከፍታ ላይ ያ ቢጫ ማሳ ብቅ ሲል እንባዬ መጣ። ከአገሬ ከወጣሁ አንድ ዓመት አልፎኝ ነበር። ንቦቹ ራሱ እንደ እኛ አገር ንቦች ነው የጮኹብኝ። (ኑግ በራሱ ዱቄት ፍሬ አይዝም፤ የሌላ ተክል ዱቄት የሚያመጣለት ንብ ያስፈልገዋል። ማሳው የሚጮኸው ለዚያ ነው።) ያስጠጋኝ ቤተሰብ ከዚያ ማሳ ሥር ነበር። ገና ደጃፍ ስደርስ አንዲት እናት በናስ ማሰሮ ውሃ ይዘው ወጡና መሬት አስቀመጡልኝ፤ እንግዳ የሚቀበሉት በውሃ ነው። «ጆሃር» አሉኝ፤ ጎንበስ ብዬ «ጆሃር» አልኩ። ስማቸውን ስጠይቅ ልጃቸው «አዮ በያቸው» አለችኝ። አዮ በሳንታሊ እናት ማለት ነው።

አዮ! ወለጋ ላደገ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። በኦሮምኛም እናት አዮ ትባላለች። እዚያው ቆሜ በተሰባበረ ሂንዲ ይህንኑ አስረዳሁ፤ ልጅቷ ወደ ሳንታሊ መለሰችላቸው፤ አዮ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ሳቁ።

ከዚያ ቀን በኋላ የማየው ሁሉ የእኛ ሆነብኝ። ቤታቸው በጭቃና በእበት የተለቀለቀ ነው፤ የእኛ። ሃንዲ የሚሉት የሩዝ ጠላ በቤት ይጠመቃል፤ የእኛ። ኑጉን ከጨመቁ በኋላ የሚቀረውን ፋጉሎ ለከብት ይሰጣሉ፤ የእኛ። የራሳቸው ፊደል አላቸው፤ ኦል ቺኪ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1925 ፓንዲት ራጉናት ሙርሙ የሚባሉ የማዩርባንጅ ሰው የቀረጹት፣ 30 ሆሄ ያለው። የትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ተስሎ ሳየው የእኛን ፊደል ከዋርካ ሥር የቆጠርኩበትን ቀን አስታወሰኝ። ሕንድ ውስጥ ብቻ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው የሚናገረው ይህ ቋንቋ ከሂንዲም ከቤንጋሊም ጋር ዘመድ አይደለም፤ የሕገ መንግሥቱ ቋንቋዎች ዝርዝር ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። መንፈስን፣ የማይታየውን ኃይል፣ ቦንጋ ይሉታል። «እኛም አገር ቦንጋ አለ! የቡና ከተማ ነው!» አልኳቸው። ባባ፣ ማለትም የቤቱ አባወራ፣ ዝም ብለው አዩኝና በልጃቸው በኩል «ሰው ይኖርበታል?» ሲሉ ጠየቁ። ከልባቸው እንደጠየቁ አሁን ነው የሚገባኝ። ያኔ እየሳቅኩ «አዎ፣ ብዙ ሰው!» አልኩ።

አንድ ማታ የገመድ አልጋው ላይ ተቀምጠን ስለ ሁል አወሩኝ። ሁል የሳንታሎች አመፅ ነው። ሰኔ 30 ቀን 1855 እንደ ፈረንጆቹ፣ ቦግናዲ በምትባል መንደር ሲዱና ካኑ የሚባሉ ወንድማማቾች ሕዝቡን ሰብስበው በአራጣ አበዳሪውና በእንግሊዝ ኩባንያ ላይ ተነሡ። የሳል ዛፍ ቅርንጫፍ ከመንደር መንደር እየተላለፈ የክተት ጥሪ ሆነ። ቀስትና መጥረቢያ ይዘው ጠመንጃ ፊት ቆሙ። እኔም ይህን ስሰማ ደሜ ሞቀና አድዋን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተረኩላቸው፤ ነጋሪቱን፣ ክተቱን፣ ድሉን። በጥሞና ሰሙኝ። ስጨርስ ባባ ጥቂት ቆይተው «እናንተ አሸነፋችሁ» አሉ። አዎ አልኩ፣ በኩራት። ሁል ግን በደም ነው የተዘጋው። ወንድማማቾቹም በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም አለቁ፤ ለሕዝቡ የተረፈው በስሙ የተከለለ አንድ አውራጃ ነው። ሐዘናቸውን ሲነግሩኝ ድሌን ነገርኳቸው። «እናንተ አሸነፋችሁ» ማለታቸውን ለምርቃት ወስጄው ነበር።

እንግዲህ በዚህ ሁኔታ ነው ሶህራይ የደረሰው።

ሶህራይ የከብት ምስጋና በዓል ነው። በጋትሺላ አካባቢ በካርቲክ ወር ጨረቃ ስትጠፋ ይከበራል፤ በእኛ ጥቅምት መሆኑ ነው። ወደ ዱምካ በኩል ያሉት ሳንታሎች ግን በጥር ያከብሩታል። ያገቡ ሴቶች ልጆችና እህቶች ተጠርተው ወደ አባታቸው ቤት የሚመጡበት ጊዜ ነው። ካህኑ ናይኬ መስክ ላይ መሥዋዕት ያቀርባል። እንቁላል መሬት ላይ ይቀመጥና ከብቶቹ በላዩ ይነዳሉ፤ እንቁላሉን ያሸተተ ወይም የረገጠ ላም ባለቤት ይመረቃል፣ የላሙም ቀንድ ዘይት ይቀባል። ማታ ሴቶቹ በሰፌድ ላይ መብራት፣ ያልተፈተገ ሩዝና ለምለም ሣር ይዘው ከብቶቹን ይቀበላሉ። ሌሊቱን ወጣቶች ከበሮ ይዘው ከበረት በረት እየዞሩ ላሞቹ እንዳይተኙ ይዘፍኑላቸዋል። ሰው ለላም ሲዘፍን ያደረበትን ሌሊት መቼም አልረሳውም።

ከዚያ በፊት ደግሞ ጽዳቱ አለ። የእኛን የዘመን መለወጫ ሰሞን ያየ ሰው ግር አይለውም። ግድግዳው እንደገና ይለቀለቃል፤ በቀይ፣ በነጭና በጥቁር አፈር ሐረግና አበባ ይሳልበታል። ግቢው በእበት ይለሰናል። ሳንታል ሴት የቀባችውን ግድግዳ በመዳፍ ሲዳብሱት እንደ ሸማ ነው። የዚያን ቀን አዮ፣ ለበዓሉ ቀደም ብላ ከባሏ ቤት የመጣችው ልጃቸውና ምራታቸው እስከ ክርናቸው ጭቃ ነበሩ። ማንም ሥራ አላዘዘኝም። እንግዳ ነኛ። እኔ ግን እንግዳ መባልን አልወደድኩትም። ቤተኛ ነበርኩ።

የሸክላ መብራቶቹን ከየቦታው ለቅሜ አጠብኩ። ሸክላዎቹን የሚሠሩላቸው ጎረቤቶቻቸው ሸክላ ሠሪዎቹ ኩምሃሮች ናቸው፤ መብራቶቹ መዳፍ የማይሞሉ፣ ለበዓሉ ተገዝተው ሲሰበሩ የሚጣሉ ናቸው። አንድ መብራት ግን የድንጋይ እንደነበር አውቃለሁ፤ አንድ ቀን ባባ በሳል ቅጠል ላይ አድርገው ሲያወጡት አይቻለሁ። የት እንደሚቀመጥም አይቼ ነበር። ከትልቁ ክፍል በስተኋላ፣ እስከ ወገብ የምትደርስ የጭቃ ከለላ አለች፤ ከወዲያ ማዶዋ ጠባብ ጨለማ ቦታ ናት። በእኔ ዓይን ጓዳ ናት። እህል የሚቀመጥባት፣ ማሰሮ የሚደረደርባት ጓዳ።

በእኛ አገር እንግዳ ሳሎን ይቀመጣል፤ ቤተኛ ጓዳ ይገባል። ልጅ ሆኜ አያቴ ቤት ስሄድ፣ ከጎረቤት ልጆች የሚለየኝ ሳልጠይቅ ጓዳ ዘልቄ እንጎቻ አንስቼ መብላቴ ነበር። ጓዳ መግባት ለእኔ ፍቅር ነው፤ የዚያ ቤት ሰው ነኝ ማለት ነው። በዚያች ዝቅተኛ ከለላ አልፌ የገባሁት እንዲህ ብዬ ነው፤ በሙሉ ልብ። ውስጡ ጨለማና ንጹሕ ነበር። ማሰሮ የለም፣ እህል የለም። ይህ እንኳ ቆም አላደረገኝም። ድንጋዩን አንስቼ ወጣሁ።

ከሁለት መዳፍ የማይበልጥ፣ ጠፍጣፋ ሥር ያለው፣ እንደ ጣባ ጎድጎድ ያለ ነው። በአንድ በኩል ክሩ የሚያርፍበት እንደ ምላስ የወጣ ከንፈር አለው። ከላይ እስከ ታች የጥላሸትና የዘይት ቅርፊት ሸፍኖታል፤ ጣቴን ሳሳርፍበት ያዝ ያደርጋል። ስንት ዘመን ሳይታጠብ ቢቆይ ነው ብዬ አዘንኩላቸው።

ታጥቦ ሲያብረቀርቅ ይዤው ወደ ግቢ ስገባ በመጀመሪያ ያየችኝ ልጅቷ ናት። ከመሰላሉ ላይ ወረደች። ከዚያ አዮ ዞሩ። መብራቱን አዩ፣ ቀጥሎ ክፍት የተውኩትን በር አዩ። አንድ ቃል ተናገሩና ምራታቸው ወደ ማሳ ሮጠች። እኔ እጄን ዘርግቼ ቆሜያለሁ። አልተቆጡኝም። ተቀበሉኝ ብዬ ብዘረጋው የሚቀበለኝ ጠፋ እንጂ። ድንጋዩ ይከብድ ጀመር። አስቀምጠው ዘንድ የት እንደማስቀምጠው አላወቅኩም፤ መሬት ላይ ማድረግ ይቻል ይሆን? መልሶ መግባትስ? እንዲሁ እንደ ሞኝ ታቅፌው ቆምኩ፤ ባባ ከማሳ እስኪመጡ። መጡ፤ እጅና እግራቸውን ታጠቡ፤ የሳል ቅጠል ዘርግተው ከእጄ ወሰዱት። በዚህ ሁሉ አንድ ቃል አልወጣቸውም።

ልጅቷ ናት ወደ ዛፍ ጥላ ወስዳ የነገረችኝ። ያ ቦታ ቢታር ይባላል። የቤቱ ቦንጋና የቀደሙት አያቶች የሚከበሩበት ነው። እያንዳንዱ የሳንታል ቤት አለው። የቤቱን ቦንጋ ስም አባወራው ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ሲሞት ወይም ሞቱ ሲቃረብ ለበኩር ወንድ ልጁ በጆሮው ይነግረዋል። ሌላ ሰው አይሰማውም።

«እኔ እዚህ ቤት ተወለድኩ» አለችኝ። «ልጅ ሳለሁ እዚያ እገባ ነበር። ያገባሁ ቀን ተዘጋብኝ። አሁን የባሌ ቤት ቦንጋዎች ሰው ነኝ። አባቴን ለመጥራት እንኳ ከዚያች ከለላ ወዲያ አላልፍም።»

አልገሠጸችኝም፤ እያስረዳችኝ ነበር። እኔ ግን ፊቷን ማየት አቃተኝ። እሷ የተወለደችበት ቤት ውስጥ ቆማ የማታልፈውን ድንበር፣ የሦስት ሳምንት እንግዳ ለገለባና ለአመድ ስል አለፍኩት። ደግሞ እኮ ድንበር ምን እንደሆነ የማላውቅ ሰው አይደለሁም። ቤተ ክርስቲያን ያደግኩ ነኝ። ጫማዬን አውልቄ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ የመቅደሱን መጋረጃ ከሩቅ ተሳልሜ ነው የምመለሰው። አንድም ቀን ከመጋረጃው ወዲያ ምን አለ ብዬ ገልጬ ለማየት እጄን አልዘረጋሁም። ቢታር መቅደስ ቢመስለኝ ኖሮ አልገባም ነበር። ጓዳ መሰለኝ። የማውቀውን መሰለኝና ምንድነው ብዬ ሳልጠይቅ ቀረሁ። ምንም የማላውቀው ነገር ቢሆን ኖሮ እጠይቅ ነበር።

ማታ የመንደሩ አለቃ ማንጂ መጡ። ሽማግሌዎች በገመድ አልጋዎቹ ላይ ተቀመጡ፣ እኔ ከሴቶቹ ጋር መሬት። ነገሩ በሳንታሊ ሲነገር ቆየ። ማንጂው በመጨረሻ አንድ ጥያቄ ጠየቁ፤ ልጅቷ ተረጎመችልኝ፦ «እዚያ እንደማይገባ የነገራት ሰው አለ?»

ዝምታ ሆነ። ከዚያ አዮ፣ ቀኑን ሙሉ ያልተናገሩት አዮ፣ ከተቀመጡበት ሳይነሡ መለሱ። ልጅቷ ጥቂት ካመነታች በኋላ ነገረችኝ፦ «የእናንተ ነኝ ስትል ጊዜ፣ ታውቃለች ብዬ ነው ያልነገርኳት።»

ከዚያ ሁሉ ነገር ውስጥ ዛሬም ድረስ ሌሊት የሚቀሰቅሰኝ ይህ ነው። ጥፋቱን ወደ ራሳቸው ወሰዱት። አዮ እንግዳን ማስተማር የሚያውቁ ሴት ናቸው፤ የማላውቀውን ምግብ እንዴት እንደምበላ፣ ጫማዬን የት እንደማወልቅ፣ ውሃውን እንዴት እንደምቀበል በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉን አሳይተውኝ ነበር። ማስተማራቸውን ያስቆምኩት እኔ ነኝ። አንድ ነገር ባሳዩኝ ቁጥር «እኛም እንዲሁ ነን!» እያልኩ አፋቸውን ዘጋሁት። ፍቅር ነበር፤ ግን የምናገረው ስለ ራሴ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስለ እነሱ አንድም ነገር እስከ መጨረሻው ሰምቼ አላውቅም።

ማንጂው የወሰኑት ቀላል ነው። ዶሮና ሩዝ እንድገዛ፣ ባባ ቤቱን እንዲያጠሩ፣ ነገሩ በበዓሉ እንዳይነሳ። ገዛሁ። በዓሉም ሆነ።

የመጀመሪያው ማታ መንደሩ በጥቃቅን መብራቶች ተነጠፈ። ጨረቃ የለም፤ ከየበረቱ ደጃፍ፣ ከየግድግዳው ሥር የሸክላ መብራት ይንበለበላል። እኔና ልጅቷ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ ሁለታችንም ከዚያች ከለላ ውጭ። ባባ ከውስጥ ናቸው። ሃንዲ ሲፈስ ይሰማል፣ ከከንፈር የማያልፍ ማጉረምረም ይሰማል፤ ቃሉን ግን እሷም አልሰማች፣ እኔም አልሰማሁ። ከከለላዋ በላይ ያለው ግድግዳ በድንጋዩ መብራት ብርሃን ቀላ ብሎ ነበር። ቀስ እያለ ደበዘዘ። ከዚያ ጠፋ። ባባ ሲነሡ፣ እንደገና ዘይት ሲጨምሩ፣ እሳት ሲጭሩ ሰማን። በራ፤ ጥቂት ቆይቶ እንደገና ጠፋ።

በማግስቱ ጠዋት ባባ መብራቱን ፀሐይ ላይ ይዘው ወጡ። በዚህ ጊዜ ቀረብ ብዬ አላየሁም፤ ራሳቸው ጠሩኝ። ጥቂት ዘይት ጠብ አደረጉበትና ከፍ አድርገው ያዙት። እኔም ጎንበስ ብዬ ከሥሩ ተመለከትኩ። እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ከመሃሉ እስከ ከንፈሩ ወርዷል። ከስንጥቁ ጫፍ አንዲት የዘይት ጠብታ እየወፈረች፣ እየወፈረች መጥታ እጃቸው ላይ ወደቀች።

እኔ ያጠብኩት ቆሻሻ አልነበረም። የኑግ ዘይት አየር ሲያገኘው ቀስ በቀስ የሚጠጥር ዘይት ነው። ምክንያቱ ያው ሊኖሌይክ አሲድ ነው፤ ኦክስጅን እየያዘ እርስ በርሱ ይተሳሰርና መጀመሪያ ያጣብቃል፣ በኋላ እንደ ቀለም ይደርቃል። በየበዓሉ ትንሽ ትንሽ የፈሰሰው ዘይት፣ ከጥላሸቱ ጋር እየተጋገረ፣ ያንን ስንጥቅ ደፍኖት ኖሯል። መብራቱን የጠረቡት የባባ አያት ናቸው፤ ይህ ቤት ሲመሠረት። ሦስት ትውልድ በየዓመቱ ያፈሰሰው ዘይት ነው ድንጋዩን አንድ አድርጎ የያዘው። የዚህን ዘይት ጠባይ በዚያች መንደር ከእኔ በላይ በቁጥር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ስንት በመቶው ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ጉድጓድ ዳር ቁጢጥ ብዬ በጥፍሬ ስልጠው ግን፣ በእጄ ላይ ያለው የጥናቴ ርእስ መሆኑ አልታየኝም።

«ከከተማ ጠንካራ ማጣበቂያ ላምጣ» አልኩ። ደንግጬ ነው። ባባ ሲተረጎምላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፦ «ዘይቱ ያውቅበታል። ጊዜ ይወስዳል እንጂ።» ከዚያን ቀን ጀምሮ ድንጋዩን በሸክላ ሰሐን ውስጥ አድርገው ያበሩት ጀመር፤ የሚንጠባጠበውን ሰሐኑ ይቀበለዋል።

ጥናቴን ጨረስኩ፣ መመረቂያ ጽሑፌን አስረከብኩ። በምስጋናው ገጽ ላይ «እንደ ልጃቸው ለተቀበሉኝ» ብዬ ጻፍኩ። ያንን ዐረፍተ ነገር ዛሬ ብመልሰው እወዳለሁ። ውሸት ሆኖ አይደለም። በእንግድነት ነው የተቀበሉኝ፤ እንግድነት ደግሞ በቂ ነበር። ከዚያ በላይ የሆነውን እኔ ነኝ ለራሴ የሰጠሁት።

ከሁለት ዓመት በኋላ ለሌላ ሥራ ጃርክንድ ስመለስ፣ ለሶህራይ ደረስኩ። ኑጉ አብቦ ነበር። አዮ ውሃ ይዘው ወጡ፤ ጎንበስ ብዬ «ጆሃር» አልኩ። ትንሽ አርጅተዋል። ባባ ደህና ናቸው። ስለ ድንጋዩ አልጠየቅኩም፤ ሲመሽ ግቢ ተቀምጬ ሳለ ብርሃኑ ከከለላዋ በላይ ቀልቶ አየሁት። ሳይደበዝዝ ብዙ ቆየ።

ከዚያ በፊት፣ ከሰዓት በኋላ፣ አዮ የጥጥ ባዘቶ ይዘው አጠገቤ ተቀመጡ። የመብራት ክር ሊገምዱ ነው። ጥጥ ለእኔ ምን አዲስ ነገር አለው? አያቴ እንዝርት አሹራ ስትፈትል፣ ለቤተ ክርስቲያን የጧፍ ክር ስትገምድ ከጉልበቷ ሥር ነው ያደግኩት። እጄ ያውቀዋል። «እኛም» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት።

«አላውቅም» አልኳቸው፣ በተማርኳት ትንሽ ሳንታሊ። «አሳዩኝ።»

አዮ አዩኝ። ባዘቶውን ቆንጥረው ጭናቸው ላይ አጋደሙት፣ መዳፋቸውን በምራቃቸው እርጥብ አድርገው አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ አሻሹት። ጎንበስ ብዬ ተመለከትኩ። አያቴ ወደ ፊት እየገፋች ነበር የምታከርረው። እሳቸው ወደ ራሳቸው እየሳቡ ነው።